ሲካፈል የሚበዛ ርስት

ቀዳም ስዑር ለት ጣቴን ቆረጥኩ። ይህን ስል በግ ሳርድ፣ ወይም ዶሮው ተፈራግጦብኝ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። አይደለም፤ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። እኛ ቤት ኮልፌ፣ በዓል ሲመጣ ከወንድ ልጅ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ዶሮውን ባርኮ ማረድ፣ ከዚያ ከሴቶቹ እግር ሥር ዘወር ማለት። ዘንድሮ ግን ዘመናዊነት አማረኝና ሽንኩርቱን በፈቃዴ ተረከብኩ። ቢላዋውን ሐሙስ ዕለት በሰፈሩ እየዞረ የሚስለው ሰው ስሎት ነበር፤ ለዶሮው ተብሎ የተሳለው ስለት የደረሰው ግን ለእኔ ነው። ሦስተኛው ኪሎ ላይ ዐይኔ በእንባ ተጋርዶ ሽንኩርቱንና የግራ እጄን ሌባ ጣት መለየት አቃተኝ።

ጩኸቴን ሰምቶ ግቢው ሁሉ ተሰበሰበ። ቀድመው የደረሱት ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በሌላው የተወቀጠ ቡና ጨብጠው። «ነስንሱበት! ደምን እንደ ቡና የሚያቆመው የለም!» ይላሉ። ታላቅ እኅቴ «ኧረ መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ!» ትላለች። በዚህ ግርግር መሃል የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእኅቴ ልጅ ከስልኳ ቀና ብላ ጣቴን አየችና፣

«አይዞህ ጋሼ፤ ማይቶሲስ ይሠራዋል» አለችኝ።

«ፋርማሲ ሳይዘጋ ልድረስበታ! በሐኪም ወረቀት ነው የሚሸጡት?» ብዬ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።

ልጅቱ ሳቋ አላስናግራት አለ። «የሚገዛ አይደለም እኮ፤ እዚያው ጣትህ ውስጥ ነው ያለው። የሕዋስ ክፍፍል ነው። ቁስሉ ዳር ያሉት ሕዋሶች ለሁለት ለሁለት እየተከፈሉ ይሞሉታል።»

ይህን ጊዜ ግቢው ጸጥ አለ። «ክፍፍል» የሚባለው ቃል በእኛ ግቢ እንዲህ በዋዛ አይነሣም።

አባታችን ሲያርፉ የተዉልን 180 ካሬ ሜትር ቦታ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ካርታና ስድስት ልጆች ነው። ሒሳቡን የ3ኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል፤ ለእያንዳንዱ 30 ካሬ። እኛ ግን አራት ጊዜ ሽማግሌ ቀያይረን ስድስት ዓመት ፈጀብን። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር። ድንበሩ ሲሰመር ግማሽ ግንዱ በወንድሜ፣ ግማሹ በእኔ ድርሻ ዋለ። «ይቆረጥ» ተባለ። አስቆርጠን አጠና ተራ አስወስደን ሸጥነው፤ ብሩን ተካፈልን፤ ጥላውን ግን የተካፈለ የለም። ዛሬ ግቢው ስድስት በር፣ ስድስት ጣሪያና ስድስት የልብስ ማስጫ ገመድ አለው። መተላለፊያው ላይ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንደኛው ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳለፍ አለበት። በእኛ ልምድ እንግዲህ መካፈል ማለት ማነስ ነው።

ስለዚህ ልጅቱን አፋጠጥኳት። «አንዲት ሕዋስ ለሁለት ከተከፈለች ግማሽ ሕዋስ አይደለም እንዴ የሚደርሳቸው? ቀጥሎ ሩብ፣ ቀጥሎ የሩብ ሩብ። በዚህ አያያዝ እኔ ለዳግማ ትንሣኤ ዱቄት ልሆን ነው!»

«ጋሼ» አለችኝ፣ እንደ መምህርት ረጋ ብላ፣ «እናንተ እኮ ሳትገለብጡ ነው የተካፈላችሁት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይቺን ዓረፍተ ነገር ሳብሰለስላት እኖራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዋስ ከመከፈሏ በፊት ርስቷን እጥፍ ታደርጋለች። በአካሏ ትጎለምሳለች፣ ጓዟን ታበዛለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በኑክሊየሷ ውስጥ የተቀመጠውን ካርታ፣ ዲኤንኤ የሚሉትን፣ ከዳር እስከ ዳር ትገለብጣለች። ካርታው ቀላል ካርታ አይምሰላችሁ፤ 6 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለበት። ከአንዲት ሕዋስ አውጥተው ቢዘረጉት 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ያ ሁሉ በዐይን በማይታይ ጓዳ ውስጥ ተጣጥፎ ይኖራል። ይህን ከሰማሁ በኋላ 30 ካሬ ጠበበኝ ማለት አሳፈረኝ።

ግልበጣው 8 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ልክ እንደ መንግሥት የሥራ ሰዓት፤ ልዩነቱ ሕዋስ ለምሳ አትወጣም። እኛ ፎቶ ኮፒ ካስነሣን በኋላ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚል ማኅተም ፍለጋ እንደምንንከራተተው፣ እዚያም ማመሳከር አለ። ገልባጩ ኢንዛይም ያስቀመጠውን ፊደል ዞር ብሎ ያያል፤ ከተሳሳተ ነቅሎ ሌላ ይተካል። ከእሱ ያመለጠውን ደግሞ ሌሎች አራሚዎች ከኋላ እየተከተሉ ይለቅማሉ። ከዚህ ሁሉ አልፎ የሚቀረው ስሕተት ከአንድ ቢሊዮን ፊደል አንድ ያህል ቢሆን ነው። የአባታችን ካርታ ግን አንድ ብቻ ሆኖ ታላቅ እኅቴ ፍራሽ ሥር ይኖራል። አንድ ጊዜ ለምነን ብናስገለብጠው ቀለሙ ደብዝዞ «180» የሚለው «130» መስሎ ወጣና፣ 50 ካሬውን ማን በላው እየተባባልን አንድ ሙሉ ክረምት ተኳረፍን።

ደግነቱ በቁጥር የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። የሰው ልጅ ኑክሊየስ ባላት በእያንዳንዷ የሰውነቱ ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞሶም ተሸክሞ ሲኖር፣ ሊቃውንቱ ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ 48 ነው ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ቺዮ እና ሌቫን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስዊድን አገር ሉንድ ላይ በጥንቃቄ ቆጥረው 46 መሆኑን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ሰው በገዛ ሆዱ ያለውን እንዲህ ከተሳሳተ፣ በፎቶ ኮፒ መኳረፍ ይቅር የሚባል ነው።

ካርታው ከተገለበጠ በኋላ ማከፋፈሉ ይመጣል። ማይቶሲስ የሚባለው ይኸው የማከፋፈሉ ሥራ ነው። ስሙ የመጣው ክር ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ያወጣለትም ዋልተር ፍሌሚንግ የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን፣ የሳላማንደር እጭ ሕዋሶችን ቀለም እየነከረ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ቀለሙን የሚጠጡ ክሮች ሲወፍሩ፣ ሲሰለፉና ሲለያዩ አየ። ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1882 በመጽሐፍ አሳተመ። ሸማኔ ቢጠይቅ ኖሮ እንኳ ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝም ነበር። 2 ሜትር ክር እንደተበተነ ተሸክሞ መሄድ እንዴት ይቻላል? ይጠላለፋል። ስለዚህ ይጠቀለላል፤ ልቃቂት ይሆናል። ልቃቂቱ ነው ክሮሞሶም የሚባለው።

ከዚያ 46ቱ፣ እያንዳንዳቸው ከግልባጫቸው ጋር እንደተጣበቁ፣ በሕዋሷ መሃል ሜዳ ይሰለፋሉ። ከሁለቱም ዳር ገመድ ይዘረጋና አንዱን ከግራ፣ ግልባጩን ከቀኝ ይይዛቸዋል። እዚህ ላይ ልጅቱ የነገረችኝ ነገር ነው የገረመኝ። ከ46ቱ አንዱ እንኳ በሁለቱም በኩል ካልተያዘ ጉተታው አይጀመርም። ሕዋሷ ቆማ ትጠብቃለች። አየር ጤና ታክሲ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ውስጥ ያለነውን በሙቀት ይቀቅለናል፤ ያ አንድ ሰው ሲገኝ የበሩን ቆርቆሮ ደብድቦ «ሳበው!» ይላል። ሕዋስ ውስጥም ያው ነው፤ ሲሞላ፣ ሳበው! አንድ ልዩነት ብቻ አለ። የእኛ ረዳት ከሞላ በኋላም ሦስት ሰው ይደርባል። ሕዋስ ግን 47ኛ ብትጭን ጣጣው የዕድሜ ልክ ነው።

ሲሳብ ዋናውና ግልባጩ ይላቀቃሉ፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። በሁለቱም ጫፍ 46፣ 46 ይደርሳል። ልቃቂቱ ይፈታል፣ አዲስ ኑክሊየስ ይከበዋል። ሕዋሷም መቀነት እንደምታጠብቅ ባልቴት ወገቧን ሸብ፣ ሸብ እያደረገች መሃል ላይ ትጠብና ሁለት ትሆናለች። ከጥቅለላው እስከ መለያየቱ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው። ለሁለቱም ሙሉ ካርታ ደረሳቸው፤ «የእኔ ጎዶሎ ነው» የሚል የለም።

ልጅቱ ይህን ስትነግረኝ በመሃል ተነሥታ ከሽንኩርቱ ጆንያ ሥር ማውጣት የጀመረ አንድ ሽንኩርት መዝዛ አመጣችና የነጫጭ ሥሮቹን ጫፍ አሳየችኝ። ተማሪ ማይቶሲስን በማይክሮስኮፕ የሚያየው በብዛት በዚሁ በሽንኩርት ሥር ጫፍ ነው፤ ሥሩ የሚያድገው ከዚያ ስለሆነ ሲከፈል የሚገኝ ሕዋስ አይጠፋም፤ የክሮሞሶሙም ቁጥር 16 ብቻ ስለሆነ ለዐይን ይቀላል። የቆረጠኝም፣ የሚያስተምረኝም ሽንኩርት መሆኑ ነው።

እድገትም ቢሆን ያው ክፍፍል ነው። የታናሽ እኅቴ ልጅ ማሙሽ 34 ቁጥር ጫማ ይለብሳል፤ ስለዚህ ለበዓሉ 36 ቁጥር ተገዛለት። ኮልፌ ገበያ የልጅ ጫማ የሚለካው ለዛሬው እግር አይደለም። ጫፉ ላይ ጋዜጣ ይወተፋል፤ እግሩ እያደገ ጋዜጣው እየወጣ ይሄዳል። ማሙሽ ዛሬ ርዕሰ አንቀጹን፣ ለከርሞ የስፖርቱን ዓምድ ያስወጣል። ይህ ሁሉ እግር፣ ከራስ ጠጉሩ ጋር፣ አንድ ቀን አንዲት ሕዋስ ነበረ። አንዷ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ቢሄዱ በ10ኛው ዙር 1,024 ይደርሳል። በ45ኛው ዙር ከ35 ትሪሊዮን ያልፋል፤ ሰውነታችን የተሠራበት የሕዋስ ቁጥርም በዚያው ግምት ውስጥ ነው። በእርግጥ ሕዋሶቹ እንደ ሰልፈኛ እኩል አይራመዱም፤ ከፊሉ ቀድሞ ያቆማል፣ ከፊሉ ይሞታል፣ ከፊሉ ዕድሜ ልኩን ይከፈላል። ሆኖም 45 ጊዜ መካፈል ማሙሽን ካወጣ፣ የእኛ አንዴ መካፈል ምን ነክቶት ነው መተላለፊያ ያሳጣን?

ካደግን በኋላም ሥራው አይቆምም። በየቀኑ 330 ቢሊዮን ያህል ሕዋስ በአዲስ ይተካል፤ የሚበዛው የደምና የአንጀት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ አገልግላ ትሰናበታለች፤ ኑክሊየስ ስለሌላት ራሷ መከፈል አትችልም፣ ምትኳ ከአጥንት መቅኔ ይላካል። የትንሹ አንጀት ሽፋን ደግሞ ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ይታደሳል። እስቲ አሁን አስሉት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቅበላ ላይ ሥጋ የተቀበለው ሽፋን፣ ጾሙ እስኪፈታ ከአሥር ጊዜ በላይ ተቀይሯል። የፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡ ሲወርድ የሚቀበሉት ሕዋሶች ተወልደው ያደጉት በሽሮ ነው፤ ቅቤ በዐይናቸው አይተው አያውቁም። በማግስቱ ሆዴ ሲንጫጫ በዶሮው አልፈርድም፤ አዲስ ገቢዎቹ ደንግጠው ነው እላለሁ።

ከበዓሉ ጥቂት ቀን በኋላ ጣቴን በፋሻ ጠቅልዬ በዘነበወርቅ በኩል ሳልፍ፣ መንገድ ዳር ማስቲካና ሶፍት የሚሸጡ አንድ የማውቃቸው አባባ ጠሩኝ። በወጣትነታቸው የሥጋ ደዌ ይዟቸው ከጎጃም ለሕክምና መጥተው፣ ድነው እዚያው የቀሩ ናቸው።

«ምን አገኘህ?»

«ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዋ ነው፣ አባባ።»

«አመመህ?»

«እንዴት አያመኝ! እስከ ትከሻዬ ነው የተሰማኝ።»

«ተመስገን በል» አሉኝ።

ሊቀልዱብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እጃቸውን ዘረጉልኝ። «እኔን ያቃጠለኝን ጀበና የነገረኝ ሽታው ነው። ቆዳው እንደሆነ ይድናል፤ እንዳንተው ነው የሚድን። ግን ሳላውቅ ደግሞ ከሌላ አገኘዋለሁ። ማታ ማታ እጄንም እግሬንም በዐይኔ አየዋለሁ። የኔ ጣት ዐይኔ ነው።»

አባባ የታከሙበት የዘነበወርቁ አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። በዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የምርምር ተቋም ስያሜውን ያገኘው ከኖርዌያዊው ሐኪም ከአርማወር ሃንሰን ነው፤ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው እሱ ነው። ባክቴሪያዋ ኑክሊየስ የላትም፤ ስለዚህ የክር ሥርዓቱን፣ ሰልፉን፣ ጉተታውን አታውቅም፤ በቀላሉ ለሁለት ትሰነጠቃለች። ያውም በዝግታ። የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ሁለት ሲሆን፣ እሷ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። በሽታው ከተያዙ ዓመታት በኋላ የሚገለጠው በዚሁ ዝግታዋ ነው፤ በላብራቶሪ ሳሕንም ላይ ማንም ሊያሳድጋት አልቻለም። ቀስ ብላ ግን ነርቭ ውስጥ ትገባለች። ቆዳ ሕዋሱን ይተካል፤ የነርቭ ሕዋስ ግን አንዴ ከጎለመሰች አትከፈልም። መድኃኒቱ፣ የ6 ወር ወይም የአንድ ዓመት፣ ባክቴሪያዋን ይገድላል፤ ቀድሞ ከተጀመረ ነርቩንም ያተርፋል። ከዘገየ ግን ደዌው ድኖ ስሜቱ ላይመለስ ይችላል። ያን ሰሞን በየቤቱ እየዞርኩ ስለ ጣቴ ሕመም ሳወራ ከርሜ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሕመሙ ማማረር ተውኩ።

ቤት ስመለስ እማማ እርሾ ሊሰጡን መጥተው አገኘኋቸው። የእኛው በበዓሉ ግርግር ተደፍቶ ነበር። ከዕቃቸው ግማሹን ቀዱልን። «አይጎድልብዎትም?» ብላቸው፣ «እርሾ ሰጥተውት ይጎድላል እንዴ? ነገ ሞልቶ ያድራል» አሉኝ። እማማ የማይቶሲስን ስም አያውቁትም እንጂ ሥራውን ሲያዩት አርጅተዋል። ሕዋስ መቼ ትከፈል፣ መቼ ትቁም የሚለውን የሚያዙትን ጂኖች ሌላንድ ሃርትዌል የሚባለው አሜሪካዊ የፈለጋቸው በዚሁ በእርሾ ወገን፣ በዳቦ እርሾ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት እንግሊዛውያን ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል።

የጉዳዩ ትልቁ ምሥጢር ያለውም መቆሙ ላይ ይመስለኛል። ጣቴ ሲቆረጥ የቁስሉ ዳር ሕዋሶች ከግራም ከቀኝም እየተከፈሉ ወደ መሃል ተጓዙ። መሃል ላይ ተገናኙ። ሲነካኩ ቆሙ። በቃ! ጎረቤት ጋ ደርሻለሁ ብላ የቆመች ሕዋስ። እኛ ሰፈር ግን ሌሊት ሌሊት አጥሩን በስንዝር በስንዝር የሚገፋ ሰው ይታወቃል፤ ጠዋት ሲጠይቁት «አጥሩ ራሱ ዘመመ» ይላል። ሕዋስም አጥር ገፊ ትሆናለች። ፍሬኗ የተጻፈበት የካርታው ክፍል ሲበላሽ፣ የጎረቤት ንክኪ አይገታት፣ የቁጥጥር ኬላ አያቆማት፤ መከፈል ብቻ ይሆናል ሥራዋ። ካንሰር የምንለው ይህ ነው። ጤነኛዋ ሕዋስ ዕድሜዋም የተቆጠረ ነው። ሊዮናርድ ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው፣ በላብራቶሪ ያደገች የሰው ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለች በኋላ ታቆማለች። ካርታውን አስረክባ ዞር ትላለች።

በስድስተኛው ሳምንት ለፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ሄድኩ። አሥሩም ጣት ይነሣል። የጣት አሻራ መሠረቱ ከላይኛው ቆዳ ሥር ስለሆነ፣ ጫፍ ጫፉን የተላጠ ጣት ያንኑ አሻራ መልሶ ያወጣል። የእኔ ግን ጠለቅ ብሎ ነበርና ጠባሳ ቀርቶበታል። መዝጋቢው ልጅ «ትንሽ ጫን ያድርጉት ጋሼ» አለኝ። ጫን አደረግኩት፤ መሣሪያውም ተቀበለኝ።

እማማ እስካሁን «ቡናዬ ነው ያዳነህ» ይላሉ። የእኅቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች። እኔ ለሁለቱም እሺ እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ግን ማታ በረንዳዬ ላይ፣ የወንድሜን ግድግዳ ተደግፌ፣ ጣቴን ወደ መብራቱ አቀርብና አየዋለሁ። በአሻራው መሃል አንዲት ቀጭን ድንበር ተሰምራለች። ከግራዋና ከቀኟ ያሉት ሕዋሶች ግን እስከ ዛሬ አንድም ሽማግሌ አልጠሩም።